በጳጉሜ የተሞሉ ጥይቶች

ብፅዓት ባሩድ ስትሰፍር አታወራም፤ ስልኳንም ሌላ ክፍል ትታ ነው የምትቀመጠው። ይህን ያስለመዳት አባቷ ብዙነህ ነው። «ባሩድ ቀናተኛ ነው፤ ከሱ ሌላ ሰው እንድታዪ አይፈልግም» ይላታል እየሳቀ። ሲስቅም ግን ዓይኑ ከሚዛኑ ላይ አይነሳም።

ያን አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ፣ ከመንግሥት በተከራዩት ፍላታቸው ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ጋዜጣው ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የእንጨት ገበታ ተቀምጧል፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ቀለህ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ቆሟል። ከአባቷ ጋር የአንድ የዒላማ ተኩስ ክለብ አባል ናት፤ እንደ እሱ የፖሊስ ፈቃድ አላት። ጥይት ስትሞላ ግን ሁልጊዜ እሱ አጠገቧ ነበር። ብቻዋን ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ብዙነህ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ «ለነገ የሚሆነውን አንቺ ሙዪልኝ፤ እኔ አልቆጣጠርሽም» አላት። ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል ደጋግማ ስታስታውስ ዋለች።

የብዙነህ ጠመንጃ አሮጌና ረጅም ነው፤ ድሮ ለወታደር የተሠራ። በፋብሪካ ጥይት ጥንቸል ቢመቱበት ከጥንቸሏ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ጩኸቱም መንደሩን በሙሉ መስኮት ላይ ያወጣል። ስለዚህ ብዙነህ እርሳስ ያቀልጥና በቅርጽ ማውጫ አፍስሶ ለስላሳ አረር በገዛ እጁ ይሠራል። ከአረሩ በስተኋላ የሚገባው ባሩድ ጥቂት ነው። እንዲህ የተሞላ ጥይት ሲተኮስ ድምፁ ከነጎድጓድ ይልቅ ለአንድ ጊዜ ጭብጨባ ይቀርባል፤ ጥንቸሏም ሳትበታተን ባለችበት ትወድቃለች።

ጣጣው ያለው ባሩዱ ጥቂት መሆኑ ላይ ነው። ትንሽ ከጎደለ ወይም እርጥበት ከነካው፣ አረሩን እስከ አፈሙዙ ጫፍ የሚገፋበት አቅም ያጣና መሀል መንገድ ላይ ትቶት ይቀራል። ተኳሹ ይህን ሳያውቅ ሁለተኛ ከተኮሰ፣ የኋለኛው አረር መንገዱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ያኔ የሚፈነዳው ጠመንጃው ራሱ ነው፤ የሚፈነዳውም ተኳሹ ጉንጩን ባስደገፈበት በኩል። ብፅዓት ይህን እንደ ጸሎት በቃሏ ታውቀዋለች።

ጥንቸሎቹ የሙባሽር ጠላቶች ናቸው። ሙባሽር የብዙነህ የስደት ዘመን ጓደኛ ነው፤ ከለንደን ወጣ ብሎ፣ ኸርትፎርድሻየር ውስጥ፣ ከአንድ እንግሊዛዊ ገበሬ መሬት ተከራይቶ የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ያበቅላል፤ ለሆሎዌይና ለስቶክዌል ሱቆች ያከፋፍላል። ጎመኑ ሲለመልም ጥንቸሎቹ ከቁጥቋጦው አጥር ሥር እየወጡ ያጭዱታል። ብዙነህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይጠብቅለታል። የሞተችውን ጥንቸል ግን ሁለቱም ቤታቸው አያስገቧትም፤ ገበሬው ለውሾቹ ይወስዳታል።

የብፅዓት እናት ኂሩት ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ሌላ ሰው እንዲያውቅ ግን አትፈልግም። «የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሰሙ ቀን አበቃልን» ትላለች። «ገደሉ አይሉም፤ በሉ ነው የሚሉት። እነኂሩት ቤት ጥንቸል ይበላል! ከዚያ በኋላ የኔን ወጥ ማን ይቀምሳል?»

ብፅዓት የመጨረሻውን ቀለህ ሞልታ ማንኪያዋን ስታስቀምጥ የበሩ ደወል ጮኸ።

ኂሩት ከኩሽና ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። «አባ ናቸው! ተነሽ፣ ተነሽ!»

«ዛሬ ነው እንዴ የሚመጡት?»

«ጳጉሜ እኮ ነው፤ ቤቱን ጠበል ይርጩልኝ ብዬ ለምኛቸው ነው። ነገ ጊዜ የላቸውም።»

«እማዬ፣ ትንሽ ይቆዩ በያቸው። ይሄን ላንሳ።»

«የነፍስ አባቴን በር ላይ ላቁማቸው? አብደሻል?»

አባ ዘማርያም ሲገቡ እናትና ልጅ ቆመው ተቀበሏቸው፤ መስቀል ተሳለሙ። አባ ረጅም ናቸው፣ ፊታቸው ፈገግታ አያጣም። ሳሎኑን ቃኘት አደረጉና ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ምን እየተሠራ ነው ልጄ?»

ብፅዓት አፏን ሳትከፍት ኂሩት ቀደመቻት። «የእጅ ሥራ ናት አባ። ልጄ የእጅ ሥራ ትወዳለች።»

«ጎሽ! ስልክ ላይ ተጎልቶ ከመዋል ይሻላል» አሉ አባ፤ ከቦርሳቸውም ጠበል የሞላ ሃይላንድ አወጡ።

ጸሎቱ ረጅም ነበር። ብፅዓት ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ከቀለሆቹ አልተነቀለም። በሁለት እርምጃ ጠረጴዛው ዘንድ ደርሳ ገበታውን አንስታ መኝታ ቤት ማስገባት ትችል ነበር። ካህን እየጸለየ ጥሎ መሄድ ደግሞ እንዴት ይሆናል? እግሯ ወለሉ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ መልሳ አቆመችው። አባ ጠበሉን መዳፋቸው ላይ እያፈሰሱ መርጨት ጀመሩ። መጋረጃው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው። ኂሩት እየተከተለች ማዕዘን ማዕዘኑን ታሳያለች። «እዚህም አባ፣ ራዲያተሩ ጋ። ብርድ የሚገባው በዚያ ነው።»

ከዚያ አባ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። «የልጃችንንም የእጅ ሥራ ይባርክልን።»

ብፅዓት «አባ» አለች። አባ አልሰሟትም።

ጠበሉ በጋዜጣው ላይ ተንጠባጠበ። ጠብታዎቹ ፊደሉ ላይ እየሰፉ ሲሄዱ አየቻቸው።

«አሜን በይ እንጂ» አለቻት እናቷ።

«አሜን።»

አባ በልተው ጠጥተው እስኪሄዱ ድረስ ብፅዓት የተቀመጠችው በእሾህ ላይ ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ ገበታውን ወደ መኝታ ቤት ወስዳው ነበር፤ እሳቸውን እንደሸኙ በስልኳ መብራት እያንዳንዱን ቀለህ ወደ ውስጥ አየችው። ባሩዱ ጥቁር ነው፤ እርጥብ ይሁን ደረቅ አይለይም። ማድረግ ያለባትን ታውቃለች፤ ሁሉንም ደፍቶ እንደገና መጀመር። ግን ጠበል የነካው ባሩድ የት ነው የሚደፋው? ቆሻሻ መጣያ ውስጥ? ሽንት ቤት? እናቷን ብትጠይቅ ነገሩ ሁሉ ይወጣል፤ እናቷም በመጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ቀጥላ አባቷን ትቆጣለች። አባቷ ደግሞ ከሥራ ሊመጣ ነው፤ መጀመሪያ ያመናት ቀን ሥራው አላለቀም ልትለው ነው። የቀለሆቹን አፍ ዙሪያ በጨርቅ ጠረገች። «አልገባበትም፤ ጋዜጣው ላይ ነው የወደቀው» አለች ለራሷ። ከዚያም አረሮቹን አንድ በአንድ እየገጠመች ዘጋቻቸው። አንዴ ከተዘጉ በኋላ ውስጣቸውን የሚያይ የለም።

ብዙነህ የአውቶቡስ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጥቶ አንዱን አነሳና በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው። «እህ! ልጅቷ በለጠችኝ!» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ «ችግር ገጥሞሽ ነበር?» አላት።

«አይ።»

«ጎበዝ።»

እራት ላይ ብዙም አልበላችም። ሦስት ጊዜ አባቷን ልትጠራው አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ውሃ ጠጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ስትነሳ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሙባሽር በቫኑ መጥቶ አባቷን ይዞት ሄዷል፤ እናቷ ቅዳሴ ናት። ብፅዓት መኝታ ቤት፣ ኩሽና፣ ሳሎን እየተመላለሰች ቆየችና እጇ ሥራ እንዲይዝ ብላ የሚዛኑን ትንሽ ሳህን ልታጥብ አነሳችው። ትናንት የተረፈ ቁንጣሪ ባሩድ አለበት። ወደ ጠርሙሱ ልትመልሰው ዘቀዘቀችው፤ ባሩዱ አልወረደም። በጥፍሯ ነካችው። እንደ ረጠበ ስኳር ተያይዞ ሳህኑ ላይ ደርቋል።

ሳህኑ ትናንት የነበረው ከቀለሆቹ ጎን፣ እዚያው ጋዜጣ ላይ ነው።

ስልኳን አነሳች። የአባቷ ዝግ ነው፤ ማሳው ላይ ሲሆን ሁልጊዜ ይዘጋዋል። የሙባሽር ይጠራል፤ አይነሳም። ዋትሳፕ ላይ «አባዬ እንዳትተኩስ» ብላ ጻፈች። አንድ ግራጫ ምልክት ብቻ ወጣ፤ አልደረሰውም። «አደራህን እንዳትተኩስ» ብላ ደገመች። አሁንም አንድ። ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

ከፊንስበሪ ፓርክ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል፤ እሷ ግን በሩ ጋ ቆመች። ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም ጣቷን የበሩ ቁልፍ ላይ ታደርጋለች፣ ለመውረድ ሳይሆን በሩ ቶሎ እንዲዘጋ የምትረዳው ይመስል። ስልኳን አየች፤ ግራጫ። አንድ ውሻ የያዘች አሮጊት «ደህና ነሽ የኔ ቆንጆ?» አለቻት በእንግሊዝኛ። ብፅዓት «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ብላ ፈገግ አለች። ይህን ስትል ራሷን ሰማችው፤ ከትናንቱ «አይ» ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሩቅ ማሳዎች ያልፋሉ። በአእምሮዋ አባቷ ይተኩሳል፣ ያቀባብላል፣ ይተኩሳል።

ከጣቢያው እስከ ማሳው ያለውን መንገድ ገሚሱን ሮጠች፤ ገሚሱን ጎኗን ይዛ ሄደች። ሙባሽርን ጎመን ሲያስር አገኘችው። ሲያያት እሥሩ ከእጁ ወደቀ።

«ብፅዓት! በሰላም ነው? አንድ ነገር ሆናችኋል እንዴ?»

«አባዬ የት አለ ጋሽ ሙባሽር?»

«ከአጥሩ ባሻገር። አንዷን ጥሏል፣ አንዷን ስቷል። ኧረ ልጄ፣ ምንድነው? አገር ቤት ነው?»

አልፋው ሄደች። እንዳስተማሯት ከተኳሹ በስተኋላ ዞራ፣ በቁጥቋጦው አጥር ጥግ ወጣች። አባቷ ሩቅ፣ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጓል። ከፊቱ፣ ከጎመኑ መስመር መጨረሻ ላይ፣ ቡናማ ጥንቸል ተቀምጣ ታኝካለች።

ተኮሰ።

እንደ ጭብጨባ ያለው ድምፅ አልነበረም። ሰው ሻማ ሲያጠፋ የሚያወጣት «እፍ» የምትመስል ነበረች። ጥንቸሏ ጆሮዋን አቆመች እንጂ አልሸሸችም። የብዙነህ እጅ ወደ መቀባበያው ሄደ፤ ባዶው ቀለህ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ አዲሱ ገባ።

ክለቡ ውስጥ ማንም ሰው፣ አዲስ ገቢም ቢሆን፣ አደጋ ካየ የሚጮኻት አንዲት ቃል አለች። ስትጠራ ሁሉም እጁን ከጠመንጃው ያነሳል። ብፅዓት በልምምድ ቀን ይህችን ቃል በሹክሹክታ ስትል አሠልጣኙ «ጥይቱ የሚሰማሽ ይመስልሻል?» ብሎ ሁሉንም ሰው አስቆባት ነበር።

«ስቶፕ!» አለች።

ድምፁ የማን እንደሆነ ለራሷም አልታወቃትም። ወፎች ከአጥሩ ተነሱ፤ ጥንቸሏ ተፈተለከች። የብዙነህ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ዞሮ ሲያያት መጀመሪያ ተቆጣ፤ ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ። መከላከያውን ከጆሮው ነጠቀው።

«ማን ሞተ?»

«አባዬ፣ ጠመንጃውን ክፈተው።»

«ብፅዓት፣ አትደብቂኝ! እናቴ ናት? እዚህ ድረስ በእግርሽ የመጣሽው... ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ክፈተው፤ ጥይቱን አውጣው!»

ከፈተው። ጥይቱን አወጣ፤ ቀጥሎ መቀባበያውን ነቅሎ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ በስተኋላው በኩል አየ። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። ብርሃን መታየት ነበረበት፤ ጨለማ ነው። አረሩ መሀል ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ብዙነህ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ በቀስታ አስተኛውና ያወጣውን ጥይት በመዳፉ ይዞ ተቀመጠ።

«ድምፁ ቀጭን እንደሆነ ሰምቻለሁ» አለ። «ጆሮዬ ላይ ያለው ነገር ያፈነው መሰለኝ። ጥንቸሏ ደግሞ አልሄደችም። ቸኮልኩ።»

ብፅዓት ከፊቱ ተንበረከከች። ቀስ ብላ ነገረችው፤ ደወሉን፣ ጸሎቱን፣ ጠብታዎቹን። ሳህኑን ዛሬ ጠዋት እንዳየችው ነገረችው።

«እኔ ግን ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ችግር ገጥሞሽ ነበር ወይ ብዬሽ ነበር።»

«አይ አልኩህ።»

«አይ አልሽኝ።»

አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ጥይቱን መዳፉ ላይ እያገላበጠ «እጅሽን አይቼ አይደለም እኮ ሥራውን የሰጠሁሽ» አለ። «እጅማ ሁሉም ሰው አለው። ከተሳሳተች ትነግረኛለች ብዬ ነው።»

ብፅዓት ዓይኗን ወደ እግሯ ጣለች። ጫማዋ አሁንም አልታሰረም፤ ማሰሪያውን ይዛ ሳታስረው ተቀመጠች።

ሙባሽር እያለከለከ ደረሰ። «መርዶ ነው? ንገሩኝ እንጂ!»

«የኔን መርዶ ነበር የምትሰማው» አለ ብዙነህ፤ ባጭሩም አስረዳው።

ሙባሽር አንዴ ጠመንጃውን፣ አንዴ ብፅዓትን፣ አንዴ ጥንቸሏ የተቀመጠችበትን ቦታ አየ። «ሱብሃነላህ!» አለ። «ታዲያ ቄሱ የጸለዩት ለማን ነው? ለጥንቸሏ ነው እንጂ!»

ብዙነህ ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረ። ሙባሽር አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ «ሻይ ላምጣ» ብሎ ሄደ።

ብዙነህ የቀሩትን ጥይቶች ሰብስቦ ሳጥኑን ከደነና ስልኩን ከፈተ። የብፅዓት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ሁሉንም አነበባቸው።

«ለአባ የሚነግራቸው ማነው?» አለ። «እሳቸው በየቤቱ እየዞሩ ነው። የኛ ብቻ አይደለም፤ ክለቡ ውስጥ ቤቱ ጥይት የሚሞላ ሌላም ሐበሻ አለ።»

«እኔ ነኝ።»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ አብረን...»

«አሁን» አለች። ነገ ድረስ ከቆየች እንደማትነግራቸው ታውቃለች።

የአባ ስልክ ቁጥር ያለው እናቷ ጋ ነው፤ ደወለችላት። ኂሩት ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ጮኸች፤ ባሏን ካነጋገረችው፣ ድምፁንም ከሰማች በኋላ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። «የጥንቸሉንም ልትነግሪያቸው ነው? ባሩዱን ብቻ ንገሪያቸው። የጥንቸሉ ምን ያደርግላቸዋል? ሰው ምን ይለናል ልጄ?»

«እማዬ፣ ቁጥሩን ላኪልኝ።»

«ብፅዓት...»

«ትናንት የእጅ ሥራ ነው ስትዪ ዝም አልኩ። ቁጥሩን ላኪልኝ።»

ቁጥሩ መጣ። ብፅዓት ተነስታ ቆመች፤ ተቀምጦ ካህን ማነጋገር አልሆነላትም። አባ ዘማርያም ወዲያው አነሱት።

«አባ፣ የኂሩት ልጅ ብፅዓት ነኝ።»

«እንዴት ነሽ ልጄ! የእጅ ሥራዋ!»

«አባ፣ ትናንት ጠበሉን የረጩበት ጠረጴዛ ላይ የነበረው ባሩድ ነው። የጠመንጃ ባሩድ።»

«ባሩድ?»

«አዎ አባ።»

«እኔ እኮ ጥቁር አዝሙድ መስሎኝ!» አሉ። «በብልቃጥ እየሞላሽ ለሱቅ የምትሸጪ ነው ያልኩት።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሰው ተጎዳ?»

«ለጥቂት ተረፈ። አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን።» ትንፋሻቸው ይሰማታል። «አንቺ ግን እዚያው ቆመሽ አልነበረም? አባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ ማለት አቃተሽ?»

«አቃተኝ።»

«እኔን ፈርተሽ?»

«እርስዎንም። ሁሉንም።»

«ታዲያ አሁን እንዴት ቻልሽ?»

ብፅዓት አባቷን አየችው። ከሣሩ ላይ ገና አልተነሳም፤ ሙባሽር ያመጣለትን ሻይ በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣ ወደ እሷ ይመለከታል።

«አሁንም አልቻልኩም አባ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ነው» አለች። «ግን ያልነገርኩዎት ሌላም አለ።» እግሯ ሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ስለ ጥንቸሎቹ ከመጀመሪያው ትነግራቸው ጀመር።